ፈሪው ካፒቴን

እኛ ቤት ውስጥ «ፈሪው ካፒቴን» የሚባል ሰው አለ። ስሙን አናውቅም፣ መልኩንም አላየንም። የምናውቀው ድምጹን ብቻ ነው፤ እሱንም ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ያውም በሚንኮሻኮሽ ድምጽ ማጉያ። ሆኖም ቡና በተፈላ ቁጥር፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር፣ የላሊበላ ነገር በተነሳ ቁጥር እሱም አብሮ ይነሳል። «ያ ፈሪ ካፒቴን ባይሆን ኖሮ እኮ...» ብላ እማዬ ትጀምራለች። ቀሪውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

ይሄውላችሁ ነገሩ። 2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የእማዬ ስልክ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። አያቴ (እኛ እምዬ ነበር የምንላት) ላሊበላ አርፋለች። ቀብሩ ደግሞ የዚያኑ ቀን 9 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ሀገር ሬሳ አይቆይም፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ብሎ የሚጠብቅ ቄስም የለም። በመኪና እንሂድ ቢባል መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በክረምት ደግሞ እግዜር ያውቃል። ስለዚህ ወንድሜ ሲነጋጋ ተሯሩጦ የጠዋቱን በረራ ሁለት ትኬት አገኘ፤ ለእማዬና ለእኔ። እኔ ያኔ የአንደኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ፣ ለእረፍት ቤት ነኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈርኩት በዚያ ቀን ነው። ጥቁር ለብሼ።

አውሮፕላኑ ባለ ሁለት ፕሮፔለር፣ ከውጪ ሲያዩት ጠበብ ያለ፣ ከውስጥ ደግሞ የበለጠ የጠበበ ነበር። ግማሹ ተሳፋሪ ቱሪስት፣ ግማሹ እንደኛ ጉዳይ ያለው ሰው። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን ከደመናው በላይ ስንወጣ ፀሐይ ነበር፤ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ድርሳኗን ትደግማለች። ችግሩ መውረድ ስንጀምር ነው የመጣው። መስኮቱ ነጭ ሆነ። ነጭ ስላችሁ ቁርጥራጭ ደመና አይደለም፤ አንድ ሰው መስኮቱን በወተት የቀባው ነው የሚመስለው። የክንፉ ጫፍ እንኳን ይጠፋና ይመጣል። ከዚያ ከእግራችን ሥር «ዱብ!» የሚል ድምጽ ሰማሁ፤ ጎማው ወጣ። እማዬ እጄን ጨበጠች። ደረስን ማለት ነው ብዬ ገና ትንፋሼን ስለቅ፣ ሞተሩ እንደ አውሬ ጮኸና አፍንጫችን ወደ ላይ ተቀሰረ። ሆዴ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ዞርን። በድጋሚ ወረድን። በድጋሚ ወተት፣ በድጋሚ ዱብ፣ በድጋሚ ያ ጩኸት። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ ብለን ከፍ ብለን በረርንና ያ ድምጽ መጣ። ክቡራትና ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ላሊበላ ላይ ባለው የአየር ጠባይ ምክንያት ማረፍ ስላልቻልን ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፤ ስለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን። አለቀ።

እማዬ ቀበቶዋን ፈታ ተነሳች። ሆስተሷ እየሮጠች መጣች። «የኔ ልጅ» አለቻት እማዬ፣ እጇን ይዛ። «ንገሪልኝ። እናቴ ናት። እናቴን ሊቀብሩብኝ ነው። ትንሽ ዝቅ ይበል በይልኝ፤ ትንሽ ብቻ ዝቅ ይበል።» ልጅቷ ምን ትበል? «እማማ ይቀመጡ፣ እባክዎ ይቀመጡ» እያለች እንባዋ ሊመጣ ደረሰ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ከዚህ በባሰ አየርም አርፈን እናውቃለን እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ቱሪስቶቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩናል። እና እኔ፣ የ18 ዓመቷ ጋዜጠኛ እጩ፣ አውሮፕላን ምን እንደሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ የተማርኩት ሴትዮ፣ ድምጼን ከፍ አድርጌ «ፈሪ ነው!» አልኩ።

አዎ፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይሄን ለመናዘዝ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ቦሌ ተመለስን። ለከሰዓት የሚሆን ሌላ በረራ የለም። 9 ሰዓት ሲሆን አጎቴ ስልኩን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ እማዬ የእናቷን ቀብር በስፒከር ሰማች። ለቅሶው እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። ኔትወርኩ ሲሄድ «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች፤ ሲመጣ ታለቅሳለች። እኔ ኩሽና ገብቼ የማላውቀውን ሰው ረገምኩት።

ዓመታት አለፉ። ተመረቅሁ፣ ትንሽም ሠራሁ። እናላችሁ አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ያሉት ጋሼ በር ላይ ተቀምጠን ወሬ ስንጀምር ይሄን ታሪክ እንደ ቀልድ አወራሁላቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ ፓይለት ናቸው። ሥራ የጀመሩት በዲሲ-3 ነው፤ እንደ መርካቶ ሲኖትራክ ሁሉን የሚሸከመው ያ የጥንት አውሮፕላን። አገር ውስጥ ሣር ላይ ያርፉ በነበረ ጊዜ መጀመሪያ ዝቅ ብለው ሜዳውን አንዴ ያቋርጡ ነበር፤ ለሌላ አይደለም፣ ከብቶቹን ለማባረር። ከዚያ ዞረው ያርፋሉ። እረኛ እንደ ማለት ነው፣ ባለ ክንፍ እረኛ።

ሳቅ ጠብቄ ነበር። ጋሼ አልሳቁም።

«ስንት ጊዜ ሞከረ?»

«ሁለቴ።»

«ከዚያስ?»

«ተመለሰ።»

«ጎበዝ» አሉ፣ ቡናቸውን ፉት ብለው።

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። የቀብሩን፣ የስልኩን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ የመብራት ቢል ከኪሳቸው አውጥተው ጀርባው ላይ ተራራ መሳል ጀመሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው እኔም ማንበብ፣ የአደጋ ሪፖርቶችን መፈለግ፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ የማረፊያ ቪዲዮ ማየት የጀመርኩት። (እናቴ «ይህቺ ልጅ ሆስተስ ልትሆን ነው እንዴ?» ብላ ነበር።)

መጀመሪያ አየሩን እወቂ አሉኝ። አውሮፕላን የሚቆመው ክንፉ በሚያገኘው አየር ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ከቆላ የመጣ ዘመዳችሁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ ፈጥኖ መሄድ አለበት። እኔን ያስገረመኝ የሚቀጥለው ነው፤ ፓይለቱ ፊት ያለው የፍጥነት ጌጅ ይሄን አይናገርም። ጌጁ የሚለካው አየሩ ምን ያህል እንደሚገፋው ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻም ላሊበላም ያው 220 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊል ይችላል፤ ነፋስ በሌለበት ላሊበላ ላይ ግን ከሥር ያለው መሬት 240 አልፎ ነው የሚሮጠው። ጌጁ 60 እያለ 66 የሚሮጥ ሚኒባስ አስቡ። (ጌጅ ያለው ሚኒባስ ካገኛችሁ ማለት ነው።)

አስር በመቶ ምን አላት? ብዬ ነበር እኔም። ነገር ግን ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው። አስር በመቶ ፍጥነት ሃያ አንድ በመቶ ጉልበት ይሆናል። አውሮፕላኑ ዞሮ ለመመለስ የሚፈልገው ስፋትም እንደዚሁ በካሬ ነው የሚሰፋው። ሸለቆው ግን ካሬ አያውቅም፤ ባለበት ነው የሚቆመው። «አየሩ ሲሳሳ ሸለቆው ይጠባል» አሉኝ ጋሼ። በዚህ ላይ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ «በቃ፣ አላርፍም» ብሎ ሽቅብ ሲወጣ ቆላ ላይ እንደሚወጣው አይወጣም። እንግዲህ ሦስቱን ደምሩ። ፈጥነህ ትመጣለህ፣ ለመዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለህ፣ ለመሸሽ ደግሞ አቅም ያንስሃል። ስለዚህ ተራራ መሃል የመመለስ ውሳኔ ቶሎ መወሰን ያለበት ውሳኔ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ጸጸት ቦታ የለውም።

ላሊበላ የሄዳችሁ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው ውስጥ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ከታች ሜዳው ላይ ነው፤ ከዚያ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ሽቅብ እየተጠማዘዛችሁ ነው ከተማ የምትገቡት። ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከከተማው በላይ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ። እንግዲህ አውሮፕላኑ ሲወርድ ወደ ገበቴ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ገበቴ። ያ ሐምሌ ላይ ያየሁት ወተት ገበቴው ውስጥ የተሞላ ነበር። ጠርዙ የት እንዳለ በዓይን የሚያይ ሰው አልነበረም።

«ሉክላን እይና ተመለሺ» ብለው ነበር ጋሼ የዚያን ቀን የሰደዱኝ። አየሁ። ሉክላ ኔፓል ውስጥ፣ ወደ ኤቨረስት የሚሄዱ ተጓዦች የሚወርዱባት መንደር ናት። የአውሮፕላን ማረፊያውን እ.ኤ.አ. በ1964 ያሠራው ኤድመንድ ሂላሪ ነው፤ ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጣው። አፈሩ አልደላደል ሲለው የመንደሩን ሼርፓዎች ጠጥተው እንዲጨፍሩበት አድርጎ በእግራቸው አስጠቀጠቀው ይባላል (የኛን ሰፈር መንገድ ለሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል)። አስፋልት የለበሰው በ2001 ነው። ከፍታው 2,845 ሜትር። መንደርደሪያው ደግሞ... ቁጥሩን ሳነብ ስህተት መስሎኝ ነበር። 527 ሜትር። ቦሌ ላይ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው ያለው። ያቺው 527 ሜትር ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለችም፤ ዳገት ናት። አንድ መቶ ሜትር በሄድክ ቁጥር ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ትወጣለህ። አውሮፕላኑ በዳገቱ እየወጣ ይቆማል፣ ሲነሳ በቁልቁለቱ እየወረደ ይበራል። በታችኛው ጫፍ ገደል፣ በላይኛው ጫፍ ግድግዳና ተራራ።

ግድግዳ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ሉክላ ላይ አንድ ነጥብ አለች፤ ከዚያች ነጥብ በኋላ «ተውኩት» ማለት የለም። ሽቅብ መውጣት አይቻልም፣ መዞርም አይቻልም። ካለፍካት ማረፍህ ግዴታ ነው። ስለዚህ የፓይለቱ ሙያ ያለው ጎማው አስፋልቱን በሚነካበት ሰከንድ ሳይሆን ከዚያች ነጥብ በፊት ነው፤ አሁን ይታየኛል ወይስ አይታየኝም? በዚህ ላይ ዓይንም ይዋሻል። ዳገት መንደርደሪያ ከሩቅ ሲታይ ፓይለቱን «በጣም ከፍ ብለሃል» የሚል ስሜት ይሰጠዋል፤ ያንን አምኖ ዝቅ ያለ ሰው ከጠርዙ በታች ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2008 ጠዋት አንድ ትዊን ኦተር አውሮፕላን 19 ሰዎች ይዞ ሉክላ ለማረፍ መጣ። ጭጋግ መንደርደሪያውን ሸፍኖት ነበር። አውሮፕላኑ ቀጠለ። ከመንደርደሪያው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከገደሉ ጋር ተላተመ። 18ቱ ሞቱ፤ የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የእማዬ ድምጽ ጆሮዬ ላይ መጣ። ትንሽ ዝቅ ይበል። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ካትማንዱን አገኘሁ፣ የዚያችው የኔፓል ዋና ከተማ። እሷም ገበቴ ውስጥ ናት። ከደቡብ የሚመጣ አውሮፕላን በአንዴ ማንሸራተት አይችልም፤ እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው። እዚህ ርቀት ላይ ይህን ያህል ከፍታ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ደረጃ ዝቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ደረጃ። እ.ኤ.አ. በ1992 መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ የፓኪስታን ኤርባስ ኤ300 ደረጃዎቹን አንድ ቀድሞ ወረደ። ከአንድ ደረጃ አንሶ የተገኘው ሌላ ደረጃ አልነበረም፤ በደመና የተሸፈነ ተራራ ነበር። 167 ሰው፣ አንድም አልተረፈም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ እዚያው ከተማ ሊያርፍ የመጣ የታይላንድ ኤርባስ ተራራ ላይ ወድቆ 113 ሰው አልቋል። ሁለቱም አውሮፕላኖች እስከ መጨረሻው ድረስ ሞተራቸው ይሠራ፣ ክንፋቸው ይበር ነበር። የተበላሸ አውሮፕላን አይደለም የወደቀው። ደህና አውሮፕላን ነው በሰዎች እጅ ተራራ ውስጥ የገባው።

የዚህ ዓይነቱን ሞት ለመቀነስ ብዙ ተሠርቷል። ዶናልድ ቤትማን የሚባል፣ በ2023 ያረፈ ካናዳ የተወለደ መሐንዲስ፣ መሬት ሲቀርብ የሚጮህ መሣሪያ ሠራ። በ1990ዎቹ ደግሞ የዓለምን ተራሮች ካርታ ማሽኑ ውስጥ ከቶ ወደፊት እንዲያይ አደረገው፤ ከካርታው የተወሰነውን ያገኘው ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ለገበያ ከወጡ ካርታዎች ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት አንድ ጥቅም በሉት። ዛሬ አውሮፕላን ወደ ተራራ ሲያመራ ኮክፒት ውስጥ የሰው ድምጽ «ቴሬይን! ፑል አፕ!» እያለ ይጮሃል። በ1996 ደግሞ አላስካ ውስጥ ጁኖ ላይ በሳተላይት እየተመሩ በተራሮች መሃል ተጠማዝዞ መውረድ ተጀመረ። ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ ኖሮም ዛሬ ቡታን ውስጥ ፓሮ የሚያርፉ ኤርባሶች በቀን ብቻ፣ ተራራውንም መንደርደሪያውንም በዓይን እያዩ ነው የሚወርዱት። ካልታየ የለም። ለዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ተለይተው የሰለጠኑ ፓይለቶች ናቸው፣ ያው ሰዎች ናቸው «ካልታየኝ አልገባም» የሚሉት።

የቤትማን ማሽን ደግሞ የማይሰማው አንድ ነገር አለ፤ ከኋላ የሚመጣውን ድምጽ። የኛን ድምጽ።

ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የሚባለው የበረራ ደህንነት ድርጅት ያጠናው ነገር አለ። አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲመጣ ፍጥነቱ፣ ከፍታው፣ አቅጣጫው ሁሉ አንድ የተወሰነ ከፍታ ላይ ከመድረሱ በፊት ልክ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ማረፉን ትቶ ሽቅብ መውጣት ነው። ደንቡ ይሄ ነው፣ ሁሉም ፓይለት ያውቀዋል። ታዲያ ልክ ሳይሆኑ ከመጡት ውስጥ በደንቡ መሠረት የሚመለሱት ስንት ናቸው? ከ100 ወደ 3 ገደማ። 97ቱ ይቀጥላሉ። አብዛኛዎቹም በሰላም ያርፋሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። በሰላም ማረፋቸው ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ ድፍረት ይሰጣቸዋል። «ከዚህ በባሰ አየርም አርፈን እናውቃለን» ያለውን ጎልማሳ አስታወሳችሁት? እውነቱን ነበር። ችግሩ እውነት መሆኑ ነው።

ጋሼን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ተሳፋሪው ሲጮህ ይሰማል ወይ? ሳቁ። «በሩ ዝግ ነው፣ አይሰማም። ግን ታውቂዋለሽ» አሉ። «ሰርግ የሚሄድ አለ፣ ታማሚ ያሳፈረ አለ። ነዳጁ ይቆጠራል፣ መሥሪያ ቤቱ ይጠይቃል። ስትመለሺ ደግሞ ሁሉም በአንቺ አጠገብ ሲወርድ መሬት መሬት ነው የሚያየው። አርፈሽ ስትወርጂ እግዜር ይስጥልኝ ይሉሻል፤ ተመልሰሽ ስትወርጂ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።»

እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም። ያን ቀን ቦሌ ስንወርድ የኮክፒቱ በር ክፍት ነበር መሰለኝ። ነጭ ሸሚዝ ትዝ ይለኛል። ፊት ትዝ አይለኝም።

ነዳጁን ስላነሱ እሱንም ጠየቅኋቸው። አውሮፕላን ሲነሳ እዚያ የሚያደርሰው ብቻ አይደለም የሚቀዳለት፤ ማረፍ ካልቻለ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስደው፣ በዚያ ላይ ደግሞ 30 ደቂቃ የሚያዞረው ይጨመርለታል። ያ ካፒቴን ከአዲስ አበባ ሲነሳ የመመለሻችን ነዳጅ አብሮን ነበር። እማዬ ጥቁር ነጠላዋን ስታጣፋ፣ እኔ መስኮት ዳር ልቀመጥ ስል፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንመለስ ይሆናል ብሎ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። ይህን ሳስብ እስካሁን የሚሰማኝ ነገር ግራ ነው። ምስጋናም አይደለም፣ ቁጣም አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለእማዬ መንገር አለብኝ አልኩ። ጋዜጠኛ አይደለሁም? ማረሚያ ማውጣት አለብኝ፤ ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ እሁድ ቡና ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ሉክላን አሳየኋት። ያን ዳገት፣ ያን ግድግዳ። «ኧረ በስመአብ» አለች። ስለ ካትማንዱ ነገርኳት፣ ስለ 97ቱ ነገርኳት። ጌጁንና ካሬውንም ሞከርኩ፤ እሱ አልተሳካም። በመጨረሻ «እማዬ፣ ያ ሰውዬ እኮ ፈሪ አልነበረም» አልኳት። «ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ አንቺም እኔም የለንም ይሆናል።»

ሲኒውን እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ተራራውን አይቼዋለሁ።»

ለካስ ለእምዬ አርባ መስከረም ላይ ስንሄድ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አደይ አበባው ሳይቀር ከላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። እኔ መተላለፊያው በኩል ተቀምጬ ተኝቼ ነበር። እማዬ መስኮት ዳር ነበረች። ስንወርድ ያ የባለፈው «ዱብ» ሲሰማ ዓይኗን ከፈተች፤ ወተት በነበረበት ቦታ ተራራ ቆሟል። ቤቶቹ ይታያሉ አለችኝ። የከብት በረት ይታያል። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ቁልቁል ስትወርድ ይታያል፣ ነጠላዋ ሳይቀር። ያን ያህል ቅርብ። «እዚህ ጋ ነበርን ማለት ነው አልኩ» አለች። «ያን ቀን እዚህ ጋ ነበርን።» ለማንም አልተናገረችም። አርፈን ሰዎች እልል ሲሉ እሷም እልል ብላለች፣ ከዚያ ወርደን ወደ እምዬ መቃብር ሄደናል።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ፈሪ ትይዋለሽ?» አልኳት። ድምጼ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ያነበብኩት ሁሉ ታወሰኝ።

ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ደረደረችው፣ አንድ በአንድ።

«እናቴን አልቀበርኳትም እኮ» አለች። «በማን ልቆጣ? በደመናው?»

ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም። ልክ ነበር ማለት ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ልክ የነበረው ሰው ነው ያሳጣት። ያ ቀን በየትኛውም መንገድ ቢዞር እማዬ ከቀብሩ አትደርስም ነበር፤ ይህን ደግሞ እኔ ሳልነግራት በፊት መስኮት ዳር ሆና ብቻዋን ቆጥራዋለች።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከደሴ መጣች። ቡና ተፈላ፣ ዕጣኑ ተጨሰ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ላሊበላ ገባ። «ያ ፈሪ ካፒቴን ባይሆን ኖሮ እኮ...» ብላ እማዬ ጀመረች። ቀና ብላ አየችኝ።

ፈንዲሻውን አቀበልኳቸው።